ሸራ የለበሰች ቅርስ

አንድ ወዳጄ ፊያት 124 ስፓይደራቸውን ግቢያቸው ውስጥ ሸራ አልብሰው ካቆሟት ዓመታት አለፉ። ይሽጧት ሲባሉ፣ «ቅርስ ናት! በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ብሸጣት ሌላ ከየት አገኛለሁ?» ይላሉ።

ይሁን። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣች፣ ፒኒንፋሪና የነደፋት ውብ መኪና ናት፤ አልክድም። ግን ለመሆኑ ቅርስ የሚጠበቀው በሸራ ነው እንዴ? ባትነዳም እኮ ታረጃለች! ጎማዋ ይደርቃል፤ የፍሬን ዘይቷ እርጥበት ይስባል፤ የሰነበተው ቤንዚን ካርቡራተሯን ይደፍናል፤ ዝገቱ ከሥር ከሥር ይበላታል። የሞተሯ ቺንጋም ላስቲክ ነውና ቆሞም ያረጃል፤ አንድ ቀን «እስቲ ላስነሳት» ሲሉ ቢበጠስ ጦሱ ለቫልቩ ሊተርፍ ይችላል። ሌላ የማትገኝ ከሆነችማ ይህችኛዋን ማበስበስ ይብሳል።

እኔ የምለው፣ ማቆየት ማለት ማስጠገንና መንዳት ነው። ገንዘቡና ትዕግሥቱ ያለው ያቆያት፤ ማን ምን አገባው? የልጆችን የትምህርት ቤት ክፍያ እያጓደሉ መለዋወጫ ማስመጣት ግን እልህ ነው። አቅሙ የሌለው፣ ዝገቱ ሳይጨርሳት፣ እዚሁ አገር ውስጥ ለሚችል ይሽጣት፤ በመንገድ ስታልፍ እንያት። ያለዚያ ነገሩ ሁሉ «ላም አለኝ በሰማይ» ነው።