ለረጅም መንገድ የሚበጀው የናፍጣ ሞተር

ከአዲስ አበባ በሞያሌ በኩል ወደ ናይሮቢና ከዚያም ወዲያ የሚጓዝ ሰው ለቫኑ ሞተር ሲመርጥ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ፈረስ ጉልበቱ ነው። በእኔ አስተያየት ግን መቅደም ያለበት «መንገድ ላይ ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል?» የሚለው ጥያቄ ነው።

በዘመናዊው የኮመን ሬይል ሞተር ናፍጣው እስከ 2000 ባር በሚደርስ ግፊት፣ እጅግ በቀጠኑ ቀዳዳዎች ይረጫል። ይህ ነዳጅ ይቆጥባል፤ ጭስም ይቀንሳል። ሆኖም ከናፍጣው ጋር የገባ ጥቂት ውሃ ወይም ደቃቅ አቧራ ኢንጄክተሩን ሊያበላሸው ይችላል፤ ብልሽቱን ለመለየትም ኮምፒዩተር ያስፈልጋል። በመካኒካል ፓምፕ የሚሠራው የቀድሞው ሞተር ይህን ይበልጥ ይታገሣል፤ የገጠር ከተማ መካኒክም ፈትቶ ይገጥመዋል።

እርግጥ፣ በ2400 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ይደክማል። ስለዚህ መካኒካል ፓምፕን ከተርቦ ጋር ያጣመረውን እመርጣለሁ፤ ጭሱ ቢበዛም ተጓዡን ከበረሃ መሐል አይጥለውም።