«ለጊዜው ነው» ብላችሁ መኪና አትጫኑ

እኩዮቼ፣ በተለይ እናንተ በዋሽንግተን ዙሪያ ታክሲ ስትነዱና ፓርኪንግ ስትጠብቁ ጸጉራችሁ የሸበተ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ጡረታ ወጥታችኋል። ልጆቻችሁ ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ስዊድን ኑሮ መሥርተው «እዚያ ብቻችሁን ምን ትሠራላችሁ? ኑ» እያሏችሁ ነው። ሂዱ፤ የልጅ ልጅ እያዩ እንደ መዋል ያለ ጡረታ የለም። መኪናችሁን ግን «ለጊዜው ነው» ብላችሁ ይዛችሁ አትሂዱ። እኔ ይዤ ሄጄ ጉድ ሆኛለሁ።

28 ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ያለ መኪና እጁ የተቆረጠ ይመስለዋል። ልጄ ጀርመን ጠርታኝ ስነሳ 11 ዓመት ያገለገለችኝን ቶዮታ ሸጥኩና ሻል ያለች ገዛሁ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! አሮጌዋ አንድም ቀን መንገድ ላይ አላስቀረችኝም ነበር። አዲሲቱን በገዛኋት በሁለተኛው ወር ወደ ብሬመርሃፈን ወደብ በመርከብ ጫንኳት። የጫነልኝ ሰው «በጊዜያዊነት አስገባት፤ 6 ወር ማንም አይነካህም» አለኝ። አመንኩት። መቼም የምንወደውን የሚነግረንን ሰው ማመን አይከብደንም።

ሰውየው ጨርሶ አልዋሸም። በአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ሕግ የግል መኪና ቀረጥና ታክስ ሳይከፈልባት 6 ወር መቆየት ትችላለች። ያልነገረኝ ነገር ይህ መብት የእንግዳ መሆኑን ነው። ከኅብረቱ ውጭ የሚኖር፣ ጎብኝቶ የሚመለስ ሰው መብት ነው። ሐሳቡም የቆየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1954 ኒውዮርክ ላይ የተፈረመው የግል ተሽከርካሪዎች ስምምነትም የተጻፈው ለተጓዥ እንጂ ጓዙን ጠቅልሎ ለመጣ ሰው አይደለም።

በእኛ ቤት እንግዳ ሲሰነብት እንግዳነቱ መቼ እንዳለቀ ማንም አይነግረውም፤ አንድ ቀን ብቻ ውኃ ቅዳ ይባላል። እኔም እንዲያ ሆንኩ። በሁለተኛው ወር ልጄ ወደ ማዘጋጃ ቤት ወስዳ በአድራሻዋ አስመዘገበችኝ። የመኖሪያ ፈቃድ ጠየቅን፣ የጤና መድን ገባሁ። ደስ ብሎን ቡና ተፈላ። መኪናዋ ደጅ ላይ የአሜሪካ ታርጋዋን እንደለጠፈች ቆማለች፤ ስለ እሷ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔ ነዋሪ በሆንኩ ጊዜ የእሷም እንግዳነት አብሮ አብቅቶ ኖሯል። የቀሩት አራት ወራት በወረቀት ላይ ብቻ ነበሩ።

በአምስተኛው ወር የእህቴ ልጅ ዕቃ ላምጣ ብሎ ቁልፉን ወሰደ። መንገድ ላይ የጉምሩክ ጠባቂዎች አስቆሙት። እሱ እዚያው አገር የሚኖር ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን መኪና ነዋሪ የሚነዳው አልፎ አልፎ፣ በባለቤቱ ጥያቄ፣ ያውም ባለቤቱ በኅብረቱ ውስጥ ሳለ ብቻ ነው። ይህ እንኳ ባለቤቱ እውነተኛ እንግዳ ሲሆን ነው። እኔ ተጠርቼ «ገና 6 ወር አልሞላኝም» ብዬ ስከራከር፣ ሰውየው ትሕትና ባለው ድምፅ የማዘጋጃ ቤቱን ምዝገባ ጠቀሰልኝ። ምን እመልሳለሁ?

ሒሳቡን ስሙ። መኪናዋ ከማጓጓዣው ጋር 24,000 ዩሮ ተገመተች። ቀረጥ 10 በመቶ፣ 2,400። ተጨማሪ እሴት ታክሱ የሚሰላው ቀረጡ ተደምሮ ነው፤ የ26,400 19 በመቶ 5,016። ድምሩ 7,416 ዩሮ። ይህ ጀርመን ስለሆነ ነው፤ ስዊድን ብሆን ታክሱ 25 በመቶ ነበር።

አሁንም ሌሊት የሚያባንነኝ ግን ገንዘቡ አይደለም። ጓዝ ጠቅልሎ ለሚገባ ሰው ሕጉ ሌላ በር ከፍቶ ነበር። ከኅብረቱ ውጭ ቢያንስ 12 ተከታታይ ወራት የኖረ፣ መኪናውንም ከመነሳቱ በፊት ቢያንስ 6 ወር በእጁ ይዞ የተገለገለባት ሰው፣ ነዋሪ ከሆነ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ካስገባት ከቀረጥም ከታክስም ነፃ ናት። አሮጌዋ ቶዮታ ያለ አንድ ሳንቲም ትገባ ነበር ማለት ነው። አዲሲቱ ስሜ ላይ የነበረችው ሁለት ወር ብቻ ነው።

ይህም በር ቢሆን ግዴታ አለበት። በነፃ ያስገባችኋትን መኪና፣ አስቀድማችሁ ለጉምሩክ ሳታሳውቁ፣ እስከ 12 ወር ድረስ መሸጥ፣ ማከራየት፣ ማስያዝ፣ ለሰው መስጠትም ሆነ ማዋስ አትችሉም። ማዋስን በደንብ ስሙልኝ! እኛ «ቁልፉን አንዴ» ሲባል እምቢ ማለት ነውር የሆነብን ሰዎች ነን። ዘመድ ይቀየም። ይቅርታ ይጠየቃል፤ ጉምሩክ ግን በሽማግሌ አይታረቅም።

ከእኛ መሐል ጀልባ ያለው ጥቂት ነው፤ ላለው ግን ወጥመዱ ያው ነው። ለግል ጀልባ የሚሰጠው ጊዜ 18 ወር ነው። ግሪክ ደሴቶች አካባቢ የሚያቆሙ ባለጀልባዎች ጊዜው ሲቃረብ ወደ ቱርክ ወደብ ወጥተው ይመለሱና ቆጠራውን እንደ አዲስ ያስጀምራሉ። ይህን ሰምታችሁ እንዳትታለሉ፤ ለነዋሪ አይሠራም።

ስለ ሌላው ብዙ አልልም። ኋላዋ ላይ ቀይ ፍሬቻ ያላት የአሜሪካ መኪና ቢጫ ካልተገጠመላት ምርመራ አታልፍም። የአሜሪካ መንጃ ፈቃዳችሁም ጀርመን ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ የሚያገለግለው 6 ወር ነው። ወደ አገር ቤት ለመመለስ ያሰባችሁ ደግሞ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መከልከሉን አትርሱ።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ታይትላችሁን አውጡና የተገዛችበትን ቀን እዩ። የምትሄዱበትን አገር ጉምሩክ፣ «ልኖር ነው የምመጣው» ብላችሁ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ እጃችሁ ሳይገባ መኪናዋን ለጫኝ አታስረክቡ።