ኤሌክትሪክም ይበርደዋል?

እዚህ ዋሽንግተን ብርዱ ሲገባ የእኔም ስልክ ማለዳ መጮኽ ይጀምራል። ሰሞኑን ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የቀሰቀሰኝ ታክሲ የሚነዳ ጎረቤቴ ነው። «ጋሼ፣ ትናንት ደህና አቁሜው የገባሁት መኪና ዛሬ ያቃስታል እንጂ አይነሳም። ኤሌክትሪክም ይበርደዋል እንዴ?» አለኝ።

የሚያስቅ ይመስላል እንጂ ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። በመኪናችን ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መንገድ ሁለት ዓይነት ነውና፤ ብርድ አንዱን ይጠቅማል፣ ሌላውን ይጎዳል።

በመዳብ ሽቦ ውስጥ የሚጓዙት ኤሌክትሮኖች ብቻ ናቸው። አተሞቹ ባሉበት ይርገበገባሉ እንጂ ቦታቸውን አይለቁም። ሲሞቃቸው ይብስባቸውና መንገደኞቹን ያደናቅፋሉ፤ ሲበርዳቸው ይረጋጋሉ። መዳብ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ ተቃውሞው 4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ ሽቦው አልበደለም።

ጥፋተኛው ባትሪው ሆድ ውስጥ ያለው ሰልፈሪክ አሲድና ውሃ ነው፤ ኤሌክትሮላይት ይሉታል። እዚያ ውስጥ ነፃ ኤሌክትሮን አይሄድም። የሚሄዱት ኤሌክትሪክ የተሸከሙት አዮኖች ናቸው። (ስሙን እ.ኤ.አ. በ1834 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው ፋራዴይ ሲሆን፣ በግሪክ «ተጓዥ» ማለት ነው።) አዮን ዋኝቶ ነው የሚያልፈው። የቀዘቀዘ ማር ከማሰሮው አልወርድ እንደሚል፣ አሲዱም በብርድ ሲወፍር ዋናው ይከብዳል። በእርሳስ ሳህኖቹ ላይ የሚካሄደው ኬሚካዊ ለውጥም ይዘገያል። የሞተር ዘይቱም በበኩሉ ወፍሮ፣ ባትሪው በደከመበት ሰዓት ተጨማሪ ጉልበት ይጠይቀዋል።

ሌላም ልዩነት አለ። ሽቦ ለዓመታት ኤሌክትሪክ ቢያሳልፍ ያው መዳብ ነው። ባትሪ ግን ኃይሉን በሰጠ ቁጥር አሲዱ እየቀጠነ ወደ ውሃነት ያደላል። ሙሉ ባትሪ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ እንኳ ይችላል፤ ባዶው ግን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ አካባቢ በረዶ ሊሆን ይችላል።

ጎኑ ያበጠ ወይም በረዶ የሠራ ባትሪ ካያችሁ ጀምፕ እንዳታደርጉት፤ ሊፈነዳ ይችላል። ደህናውንም ቢሆን ስታስነሱ፣ መጨረሻ የምትገጥሙትን ጥቁር ገመድ በሞተው ባትሪ ጫፍ ላይ ሳይሆን ራቅ ብሎ ባለ የሞተሩ ብረት ላይ አድርጉት። ከባትሪ የሚወጣው ሃይድሮጂን በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ጎረቤቴ ገመዱን ይዞ ሲጠብቀኝ ያየሁት ልክ በዚያው ጫፍ ላይ ሊያደርገው ሲል ነበር።