ጀልባው አላረጀም፤ ወረቱ ነው ያለፈው

የፋይበር ጀልባ አዲስ ሲሆን እንደ መስታወት ያበራል። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሣል፣ እንግዶቹም የነፍስ አድን ጃኬት አጥልቀው አንድ ዙር ይዞራሉ። ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ ያው ጀልባ ሰማያዊው ወደ ግራጫ፣ ቀዩ ወደ ሮዝ ተለውጦ፣ ሲነኩት ኖራ የመሰለ ዱቄት እጅ ላይ እየተወ ዳር ላይ ቆሞ ይገኛል። ያኔ ሁለት ዓይነት ፍርድ ይሰማል። አንደኛው «አርጅቷል፤ ሌላ ይገዛ» ይላል። ሁለተኛው «ቀለም ይቀባ» ይላል።

ሁለቱም ፍርዶች በአብዛኛው ስህተት ናቸው። ሁለቱም ደግሞ ገንዘብ ያስወጣሉ።

ይህ ጉዳይ የጫካና የቡና አገር ለሆነችው ለቦንጋ ምኗ ነው የሚል ይኖራል። መልሱ ካርታው ላይ አለ። ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች። በዚያው ክልል፣ በዳውሮ በኩል፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ ያቆመው ውኃ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ተንጣሎ ተኝቷል። ካፋን በሰሜን የሚያዋስነው ጎጀብም ወደ ኦሞ ገብቶ ከዚሁ ውኃ ይቀላቀላል። በውኃው ዳርቻ የሃላላ ኬላ ሪዞርት ተሠርቷል። ከታች ደግሞ የኮይሻ ግድብ ሲጠናቀቅ ሌላ ሰፊ ውኃ ይተኛል። ትናንት ወንዝ በድልድይ ይሻገር የነበረ ሕዝብ ዛሬ የሐይቅ ባለቤት ሆኗል። ሐይቅ ካለ ጀልባ ይገዛል፤ ለቱሪስት፣ ለዓሣ፣ ለትራንስፖርት፣ ለወጣቶች ማኅበራት። ስለዚህ ጀልባ እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ ከእንግዲህ የባሕር ዳርና የሐዋሳ ሰዎች ሥራ ብቻ አይደለም።

በመጀመሪያ የደበዘዘው ምን እንደሆነ ማወቅ ያሻል።

የፋይበር ጀልባ፣ ባለ ሸራም ይሁን ባለ ሞተር፣ ከመስታወት ክርና ከሙጫ የተሠራ ነው። ከላይ የሚታየው አንጸባራቂ ገጽ ግን እንደ መኪና በኋላ የተረጨ ቀለም አይደለም። ባለሙያዎች ጄልኮት የሚሉት፣ ቀለም የተቀላቀለበት የሙጫ ቆዳ ነው። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ይህን ቆዳ የሚጎዳው በዋነኛነት ፀሐይ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከአየሩ ጋር ተባብሮ የላይኛውን ስስ ክፍል ይሰባብረዋል። ገጹ በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች ያወጣል፤ ብርሃንን ማንጸባረቁን ትቶ ይበትናል፤ ዱቄት ይተፋል። በኢትዮጵያ ሁኔታው ይብሳል። ፀሐይዋ በዓመት ሁለት ጊዜ ቀጥ ብላ ከአናት በላይ ታልፋለች። በዚያ ላይ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የዚህ ጨረር ኃይል 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ከ1,600 ሜትር በላይ ያሉት ጣናና ሐዋሳ ላይ የሚንሳፈፍ ጀልባ ከባሕር ጠለል ጀልባ የበለጠ የሚጠበሰው ለዚህ ነው።

ልብ ይሏል፦ የተጎዳው የላይኛው ስስ ሽፋን ነው። ከሥሩ ያለው ቀለም ብዙውን ጊዜ እንዳለ አለ።

ይህን ለማረጋገጥ ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጥራት አያስፈልግም። አንድ ባልዲ ውኃ ይበቃል። የደበዘዘው ቦታ በውኃ ሲርስ የድሮ ቀለሙ ለአፍታ ከተመለሰ፣ ጀልባው በአብዛኛው በፖሊሽ የሚድን ነው። በአንጻሩ የመስታወቱ ክር ሽመና እየታየ ከሆነ ቆዳው አልቋል፤ ያኔ ፖሊሽ አያድነውም፣ አዲስ ጄልኮት ወይም ቀለም ያስፈልገዋል። ስንጥቅ ካለም ከማንጸባረቅ በፊት ስንጥቁ ይጠገናል።

ሥራው ራሱ ምሥጢር የለውም። ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ጀልባው ከውኃ ወጥቶ ጥላ ሥር ይቀመጣል። በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ የቆየው ሰምና ቅባት በማሟሟያ ይነሣል። በጣም የደበዘዘ ከሆነ ቁጥሩ 1,000 አካባቢ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ከውኃ ጋር በስሱ ይታሻል፤ ከዚያም ወደ 1,500ና 2,000 ይወጣል። ቀጥሎ ሻካራ ፖሊሽ በማሽን፣ በዝግታ፣ አንድ ክንድ ያህል ስፋት ብቻ እየተወሰደ ይሠራል። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ሙቀቱ ቆዳውን ያቃጥለዋል። ከዚያ ለስላሳ ፖሊሽ ይከተላል። በመጨረሻ ሰም ይቀባል። ዱቄቱ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ጭምብል የግድ ነው። እጣቢውም ዓሣ ወዳለበት ውኃ መፍሰስ የለበትም።

ሰሙ ለውበት ብቻ የሚቀባ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ሰም የጀልባው ጃንጥላ ነው። ፀሐይና ቆሻሻ ቆዳውን ሳያገኙት በፊት እሱን ያገኙታል። እሱ ግን ወራት እንጂ ዓመታት አይቆይም፤ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መታደስ አለበት። ሰም ሳይቀባ ፖሊሽ ብቻ የተደረገ ጀልባ ቶሎ ተመልሶ ይደበዝዛል። እያንዳንዱ ሻካራ ፖሊሽ ደግሞ ከዚያች ግማሽ ሚሊ ሜትር ላይ ትንሽ ይቀንሳል፤ የተቀነሰው ተመልሶ አይበቅልም። ስለዚህ ዋናው ብልሃት ፖሊሽ የሚያስፈልግበት ደረጃ ላይ አለመድረስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ይኸው ነው።

«ቀለም ይቀባ» የሚለው ፍርድ ለምን ይጎዳል? ዱቄት በሚተፋ ገጽ ላይ የተቀባ ቀለም ዱቄቱን ነው የሚይዘው እንጂ ጀልባውን አይደለም። ለምረቃ ወይም ለጉብኝት ተብሎ በአንድ ሌሊት የተለቀለቀ ቀለም ብዙ ሳይቆይ እንደ ቅርፊት መነሣት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ጀልባው በየጊዜው ቀለም የሚጠይቅ ዕዳ ይሆናል። በጥንቃቄ የተዘጋጀና ለጀልባ የተሠራ ቀለም ጊዜው ሲደርስ ተገቢ ነው። ችግሩ ቀለም የመጨረሻው አማራጭ መሆኑ ቀርቶ የመጀመሪያው ሲሆን ነው። በመጋረጃ ቀለም ሥር ስንጥቅም ይደበቃል። ሰው የሚጭን ጀልባ ላይ የተደበቀ ስንጥቅ ደግሞ የውበት ጉዳይ አይደለም።

አንድ ብርቱ ተቃውሞ አለ፤ ሊናቅም አይገባም። የመድኃኒትና የማዳበሪያ ችግር ባለበት አገር የጀልባ ማንጸባረቅ ማንን ያሳስባል? ለውጭ ምንዛሪ ወረፋ በሚጠበቅበት ጊዜ የፖሊሽ ነገር ቅንጦት አይደለም ወይ? ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጀልባውም፣ ሞተሩም፣ ሙጫውም በዶላር የሚገቡ ዕቃዎች ናቸው። ድሀ አገር ነው የገዛውን ነገር አብልጦ መንከባከብ ያለበት። በዓለም ላይ ከስድሳ ዓመት በፊት የተሠሩ የፋይበር ጀልባዎች ዛሬም ይቀዝፋሉ። ያቆያቸው ሀብት ብቻ ሳይሆን በየዓመቱ የሚመለስ እጅ ነው። በብድር ጀልባ የገዛ የወጣቶች ማኅበር ዕዳውን ከፍሎ ሳይጨርስ ጀልባው «አሮጌ» ከተባለ፣ ቱሪስቱ የሚያምረውን መርጦ ሲሳፈር የሚከስሩት እነዚያው ወጣቶች ናቸው።

እንክብካቤ ከውጭ የሚመጣ ልማድ አይደለም። የጣና ዓሣ አጥማጅ ከደንገል ያሠራት ታንኳ ውኃ እንደምትመጥ ስለሚያውቅ ከጉዞ መልስ ከውኃ አውጥቶ ያደርቃታል። ካላደረቃት ትበሰብሳለች፤ ማንም መመሪያ አልጻፈለትም። የካፋ ገበሬም ቢሆን የጫካ ቡናውን ለመልቀም ከመግባቱ በፊት ሥሩን ይመነጥራል። ቡናው በየዓመቱ የሚለቀመው በየዓመቱ እጅ ስለሚያየው ነው። የራስ ሀብት ሲሆን ይህ ዕውቀት አለ። የመንግሥት ወይም የማኅበር ንብረት ሲሆን ነው የሚጠፋው፤ «የሁሉም» የተባለ ነገር የማንም ይሆናልና።

የሚጠፋበትም ምክንያት አለው፤ በጀት ነው። አዲስ ጀልባ በካፒታል በጀት ይገዛል። ሰም፣ ሳሙናና የሠራተኛ ቀን ግን ከመደበኛ በጀት ይጠበቃል፤ መደበኛ በጀት ደግሞ ደመወዝ ከተከፈለበት በኋላ ብዙ አይተርፈውም። በዚህ አሠራር ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አሮጌውን ከማዳን ይልቅ አዲስ መጠየቅ ይቀለዋል። ለአዲሱ ምረቃ አለው፤ ለሰም ሪባን የሚቆርጥ የለም። ሰውየው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ አሠራሩ ወረትን ይሸልማል፣ ጥንቃቄን ይቀጣል።

ክልሉ ገና አዲስ ነው፤ ልማዱም ገና አልደነደነም። ስለዚህ አሁን ማስተካከል ይቻላል። አንደኛ፣ ጀልባ የሚገዛ ማንኛውም መሥሪያ ቤት ወይም ማኅበር የግዢ ሰነዱ ላይ የዓመታዊ እንክብካቤ ወጪን አብሮ ይጻፍ፤ ያ ካልተጻፈ ግዢው አይጽደቅ። ሁለተኛ፣ ጀልባ ከመምጣቱ በፊት መጠለያ ይሠራ። ከቆርቆሮና ከእንጨት የተሠራ፣ አየር የሚያስገባ ጥላ ይበቃል። ዝናብ በሚበዛበት አካባቢ በላስቲክ ጠቅልሎ ማፈን እርጥበት ያስቀራል እንጂ አይጠቅምም። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ጀልባ በስም የሚታወቅ ተጠያቂ ሰው ይኑር፤ የታጠበበትና ሰም የተቀባበት ቀን በመዝገብ ይጻፍ። አራተኛ፣ ያለ ጥገና ምርመራ ጀልባ «አርጅቷል» ተብሎ ከንብረት መዝገብ አይሰረዝ። የባልዲ ውኃው ፈተና እንኳ ሳይደረግ የሚሰረዝ ንብረት የሕዝብ ገንዘብ ነው።

ባለሙያ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ብዙው ዕውቀት ከተማ ውስጥ አለ። በየጋራዡ የተሰበረ የመኪና ባምፐር በፋይበር የሚጠግኑ፣ ስቱኮ የሚያስተካክሉ፣ ፖሊሽ የሚመቱ ወጣቶች አሉ። ባምፐር የሚያድን እጅ አጭር ሥልጠና ቢጨመርለት ጀልባም ያድናል። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎች ይህን ትምህርት ቢጨምሩ፣ በቦንጋ የሚሠለጥን ወጣት በጊቤ ሦስትም ሆነ ነገ በኮይሻ ዳርቻ ሥራ ያገኛል። የአንድ ትንሽ ጀልባ ፖሊሽና ሰም ለሁለት ሰው የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። አዲስ ጀልባ የሚጠይቀው ግን ጨረታ፣ ዶላርና ወራት ነው።

በሚቀጥለው የበጀት ዓመት አዲስ ጀልባ የሚጠይቅ ደብዳቤ ለፊርማ ሲቀርብ፣ ከመፈረሙ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ አሮጌው ለመጨረሻ ጊዜ ሰም የተቀባው መቼ ነው?