ለቀለበቶቹ ዘብ፣ ለሯጩ ማን?

አምስቱ የኦሎምፒክ ቀለበቶች በዓለም አቀፍ ሕግ ዘብ የቆመላቸው ከዚሁ ከእኛው አካባቢ ነው። ምልክቱን የሚጠብቀው ውል በናይሮቢ የጸደቀው መስከረም 16 ቀን 1974 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1981)፣ በአገራችን ደመራ በሚለኮስበት ዕለት ነበር። ኢትዮጵያና ኬንያ ከመጀመሪያዎቹ አጽዳቂዎች መካከል ናቸው። በውሉ መሠረት በአባል አገሮች ማንም ነጋዴ ያለ ዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ ፈቃድ ቀለበቶቹን በንግድ ምልክትነት ማስመዝገብም ሆነ ለንግድ መጠቀም አይችልም። ከፈቃዱ ከሚገኘው ገቢም ለብሔራዊ ኮሚቴዎች ድርሻ ታስቦላቸዋል።

ይህን አልቃወምም። ቅሬታዬ ውሉ ስለጠበቀው ሳይሆን ደጅ ስላስቀረው ነው።

አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ አስገኘ። ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ ቪብራም የተባለ ኩባንያ «ቢቂላ» የተሰኘ ጫማ ለገበያ አቀረበ። በባዶ እግሩ የሮጠ ሰው መታሰቢያ ጫማ! (በነገራችን ላይ ቢቂላ የሯጩ ስም አይደለም፤ የአባቱ ነው። የእኛን አጠራር የማያውቅ ሰው ስምና የአባት ስም እንደሚያምታታ በትርጉም ሥራዬ ዘወትር የማየው ነው።) ቤተሰቡ በ2015 በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት ክስ መሠረተ። በ2016 ዳኛው ክሱን ዘጋው፤ ነገሩን እያወቃችሁ ዓመታት ዘግይታችኋል በሚል።

አሜሪካ የናይሮቢው ውል አባል አይደለችም። ሆኖም በራሷ ሕግ ከቀለበቶቹ አልፋ ቃሉን ሳይቀር ትጠብቃለች፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ1987 አንድ የሳን ፍራንሲስኮ ማኅበር ለስፖርት ውድድሩ «ኦሎምፒክ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም የተጣለበትን እገዳ አጽንቷል። ጥንታዊው የግሪክ ቃል ባለቤት አለው፤ የአበበ ልጆች ግን ውቅያኖስ ተሻግረው «ዘገያችሁ» ተባሉ።

«ስንት ቢቂላ አለ፤ ስም የማንም ነው» የሚሉ አሉ። ክብ መስመርስ የማን ነበር? አምስት ክቦችን ሀብት ያደረጋቸው በሥራቸው የሮጠው ሰው ላብ ነው። ስሙ በጫማ ላይ ዋጋ የሚያወጣውም በዚያው ላብ ነው።

ስለዚህ ውሉን ቀድመው ያጸደቁት የሯጮች አገሮች፣ ኢትዮጵያና ኬንያ፣ ለሁለተኛ ውል ሐሳብ ያቅርቡ፤ የአትሌት ስም፣ ከሞተ በኋላም ቢሆን፣ ያለ ወራሾቹ ፈቃድ በንግድ ምልክትነት እንዳይመዘገብ የሚያግድ፣ የከሳሽንም መዘግየት ለነጋዴው መከላከያ የማያደርግ ውል።