ቀንዳችን ቦይ ውስጥ

በዐረፋም በፋሲካም ማግስት ከመርሳ እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ ያየ ያውቀዋል። ጭንቅላቱ ከነቀንዱ ቦይ ውስጥ ነው፤ የቆዳ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ቆዳውም ተከትሎታል። ከዚያ ሽታውን እንራገማለን! አያቶቻችን በቀንድ ዋንጫ ጠጥተዋል፤ እኛ የፕላስቲክ ኩባያ ጨብጠን ስለ ባህል እንደሰኩራለን።

«ቀንድ ይሸታል» የምትሉ ወገኖች፣ የሚሸተው ውስጡ ያለው አጥንትና ሥጋ ነው። ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋችሁ ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሡ፣ ይላቀቃል። የራስ ቅሉን ስብ ለብ ባለ የሳሙና ውኃ አስለቅቁት እንጂ አታንተክትኩት። በረኪናማ በጭራሽ! ዛሬ ያነጣዋል፣ ውሎ አድሮ አጥንቱን ያፈረፍረዋል። ለማንጣት ከፋርማሲ የሚገዛው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይበቃል። (ቀንድ ፍለጋ ብላችሁ ደግሞ ስሜን እንዳትወጡ፤ ለዋንጫ ሲባል ያለቀው ዋልያ ይበቃል።)

የሳሎን ጌጥ አማራችሁ የሚለን አይጠፋም። ይሁን። ግን የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል የአገሩን ፍየል ከደቡብ አፍሪካው ቦር ጋር ሲያዳቅል ቆይቷል። ማዳቀሉን አንቃወምም። የልጅ ልጆቻችን የሐብሩ ፍየል ቀንዱ ወዴት ይታጠፍ እንደነበር ቢጠይቁንስ ምን እናሳያቸዋለን? ከየዝርያው አንድ የራስ ቅል ይጽዳ፣ ቀኑና ቀበሌው ይጻፍበት፣ ተማሪ በሚያየው ቦታ ይቀመጥ። ማዕከሉ ይጀምርልን፤ ለመዘፍዘፉ እኛ አለን።