«አያልቅም» ያለን ሰውዬ

ሰሞኑን ማጀቴ ከተማ ውስጥ ለወጣቶች በተዘጋጀ ስልጠና ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው አሰልጣኝ ግድግዳው ላይ ያበራው ጽሑፍ «የለውጥ ካታሊስት ሁኑ» ይላል። ይህንስ ለምደነዋል፤ ዛሬ ካታሊስት ያልተባለ ወጣት የለም። ያናደደኝ ማብራሪያው ነው፦ «ካታሊስት ሌላውን ይለውጣል፤ ራሱ ግን አይለወጥም፣ አያልቅም።» ልጆቹም ጎንበስ ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

አያልቅም? ማን አለ?

ናይትሪክ አሲድ ፋብሪካ ውስጥ አሞኒያና አየር እንደ ወንፊት በተሸመነ የፕላቲኒየምና የሮዲየም መረብ ውስጥ ያልፋሉ፤ ለውጡን የሚያፋጥነው ካታሊስት መረቡ ነው። ሙቀቱ 900 ዲግሪ ገደማ ነው። ፕላቲኒየም የሚቀልጠው 1768 ላይ ስለሆነ፣ ነገሩ የሙቀት ብቻ ቢሆን ንቅንቅ አይልም ነበር። ጉዱ ያለው ጋዙ ላይ ነው። ኦክስጅን ከገጹ አቶም ጋር ይጣበቅና ፕላቲኒየም ዳይኦክሳይድ ሆኖ በኖ ይሄዳል። የማጀቴን ማረሻ አፈር ይበላዋል፤ ፕላቲኒየምን ደግሞ አየር። ለአንድ ቶን አሲድ የሚጠፋው ከግራም በታች ነው፤ ቶኑ ሲደራረብ ግን የሒሳብ ሠራተኛውን እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ ከሥር የፓላዲየም መረብ ዘርግተው የሸሸውን ይለቅማሉ። የማያልቅ ነገር ምኑ ይለቀማል? «አያልቅም ማለት በቀመሩ ላይ አይታይም ለማለት ነው» የሚል ካለ፣ ለፋብሪካው ግዢ ክፍል ይንገር።

በኮምፒውተር የሚያሰሉት ሰዎች ይህን ቁልጭ አድርገው ያሳያሉ። የፕላቲኒየም አቶምን ባዶ ቦታ ላይ ከብረቱ ነቅሎ ለማትነን በሞል ከ560 ኪሎጁል በላይ ይጠይቃል። ኦክስጅን ሲጨመርበት ዋጋው ወደ 170 ገደማ ይወርዳል። ጋዙን የዘነጋ ስሌት ብረቱን ዘላለማዊ ያደርገዋል። የአሰልጣኙ ስሌት እንዲህ ያለው ነው። የማጀቴን ልጅ ሥራ አጥነቱንና የማዳበሪያ ዋጋውን አውልቆ ባዶ ቦታ ላይ አቆመውና «አታልቅም» አለው።

በ2017 መጨረሻ ጎዴ ላይ እንዲሠራ የተፈረመው የዩሪያ ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከእነዚህ ልጆች አንዱ ቢቀጠርስ? እንዲህ ባለ ፋብሪካ የተፈጥሮ ጋዝን ሃይድሮጅን የሚያደርገው ካታሊስት ኒኬል ነው። ምድጃው ሲቆም ካርቦን ሞኖክሳይዱ ሳይጸዳ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ በታች ከወረደ፣ ኒኬሉ ኒኬል ካርቦኒል የተባለ መርዝ ሆኖ ይተናል። ያን ጊዜ ብረቱን ብቻ ሳይሆን ሠራተኛውንም ይዞ ይሄዳል። ደብተሩ ላይ ግን «አያልቅም» ተብሎ ተጽፏል።

አሰልጣኙ ከሻይ በኋላ አበሉ ላይ ፈርሞ በሸዋ ሮቢት በኩል ተመለሰ። እሱስ እውነትም ሳይለወጥ መጥቶ ሳይለወጥ ሄደ፤ የቀረበት ማፋጠኑ ብቻ ነው።